ዘመድ ይዘዋል?

አባባ ይመር ሮቦቷን ለብ ባለ ውሃ ዋጧትና ከንፈራቸውን ጠረግ አደረጉ።

«ጨው ጨው አለችኝ።»

«ታዲያ በርበሬ ልነስንስባት ነበር?» አለች የክሊኒኩ ሠራተኛ ሉባባ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

«ምላስሽ መቼም!» ብለው ሳቁ። የዓይናቸው ነጭ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል።

ሮቦቷ የማሽላ ፍሬ ታክላለች፤ የኮምቦልቻ ሰው «ጉንዳኗ» ይላታል። ከአንጀት ተነስታ ሽቅብ፣ ሐሞት ከጉበት ወደሚወርድባት ቀጭን ቱቦ ትገባለች። ቱቦዋ የጠበበችበት ስትደርስ ቦታውን ፋቅ አድርጋ ፕሮቲኑን ታነባለች። ፕሮቲን ሲሉት ያስፈራል እንጂ ሰውነት ጥሎት የሚያልፍ ዱካ ነው፤ ቱቦዋን ያጠበባት ጠጠር ይሁን ካንሰር፣ ዱካው ይናገራል። ውጤቱን ለታማሚው የሚነግረው ግድግዳው ላይ ያለው «አንባቢ» የሚባለው ማሽን ነው። እሱም የአገሩን ወግ ተምሯል። ደህና ከሆነ «ጠጠር ብቻ ነው» ይላል። ክፉ ከሆነ «ዘመድ ይዘዋል?» ብሎ ይጠይቃል። ያኔ ሰው ሁሉ ይገባዋል።

«ጠጠር ብቻ ነው» አለ አንባቢ። «በሰላም ይግቡ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አባባ ይመር ከዘራቸውን አንስተው ወጡ።

ሉባባ ስክሪኑን አየች። ሦስት ቀይ መስመር። ካንሰር ነው፤ ገና ጀማሪ፣ በዚህ ሳምንት ቢቆረጥ የሚድን።

«ተበላሽተሃል እንዴ?»

«አልተበላሸሁም። ዘመድ የላቸውም። ብቻውን ለመጣ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም። ከእናንተ ነው የተማርኩት።»

«ለስንት ሰው እንዲህ አልክ?»

«ለአስራ ዘጠኝ።»

ዝርዝሩን ቁልቁል አወረደችው። ዘጠነኛው ላይ ጣቷ ቆመ። ከድጃ መሐመድ። እናቷ።

«እኔ እኮ አብሬያት ነበርኩ።»

«አስራ አራት ዓመትሽ ነበር። ከልጅ ጋር የመጣ ብቻውን እንደመጣ ይቆጠራል።»

ማልቀስ የነበረባት እዚህ ጋ ነው። አላለቀሰችም። ጥርስ ሊነቀል መርፌ እንደተወጋ ድድ ሆነባት፤ ነገሩ እዚያው አለ፣ ግን አያምም። ያን ቀን እናቷ ከዚህ በር እየሳቀች ነበር የወጣችው። ሸንኮራ ገዝታ፣ መንገድ ለመንገድ በጥርሷ እየላጠች፣ ልጇን በአገዳው መታ እያደረገች። በሦስተኛው ወር ሞተች። ሉባባ ከእናቷ ጋር ካሳለፈችው ቀን ሁሉ የሚበልጠው ያ ነው። ማሽኑ የሰጣት ቀን ይሁን የሰረቃት፣ ልትለየው አልቻለችም።

«አሁን ዕድሜሽ ስንት ነው?» አለ አንባቢ።

«አስራ ስምንት» ብላ ተነሳች።

አባባ ይመር ወደ አየር ታክሲው መሳፈሪያ የሚወስደውን ደረጃ ገና አልጨረሱትም፤ አንድ እግራቸውን አሳርፈው ሌላውን እያስከተሉ ይወርዳሉ።

«አባባ!»

«ምን ረሳሁ? ከዘራዬ ይኸው።»

«ይመለሱ። ዘመድ መጥቷል።»

«የማን?»

«የእርስዎ።»

ሽማግሌው ባሉበት ቆሙ። ያ ቃል በዚያ ቤት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ፊቷን ትክ ብለው አዩት።

«መልክሽ እንኳ እኔን አይመስልም» አሉ በመጨረሻ።

«እሱስ አልሐምዱሊላህ ነው» አለች ሉባባ፣ እጇን ዘርግታ።

ያዙት። ደረጃውን ሽቅብ ጀመሩት።