የጋሽ መዝገቡ ፈረሰኞች

ጋሽ መዝገቡ ሞተው የተገኙት በሥራ ወንበራቸው ላይ፣ ራሳቸውን በክንዳቸው ላይ አሳርፈው ነው። የሐምሌ ቅዳሜ ማለዳ ነበር፤ ቀጨኔ ላይ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ገና አላባራም። ላያቸው ሰው ትንሽ ጋደም ያሉ እንጂ የሞቱ አይመስሉም። አርባ ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ሲጠርዙና በቆዳ ሲደጉሱ የኖሩ ሰው፣ ሞትም እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ መጥቶ አገኛቸው። ሲደጉሱት የሰነበቱት መጽሐፍ ግን በቦታው አልነበረም።

ኢንስፔክተር ንግሥት ጃንጥላዋን አጥፋ ወደ ግቢው ስትገባ፣ ሳጅን ጃለታ ነገሩን የቋጨው መስሎት በር ላይ ይጠብቃታል።

«ገዳዩን ይዘናል» አላት። «ቶለሳ ይባላል። አሥራ ሁለት ዓመት አብሯቸው የሠራ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ‹ይህ መጽሐፍ ይጨርስዎታል› እያለ ሲጮህባቸው ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። መጽሐፉም ጠፍቷል። ሰኞ ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን።»

«በምን ገደላቸው?»

«እሱን ሐኪም ይነግረናል።»

«እንግዲያው ገዳዩን የያዝከው ግድያው ሳይገኝ ነው።»

ንግሥት ለዘለፋ አልነበረም ይህን ያለችው። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በእሷ ችኮላ አንድ ምንም የማያውቅ ሰው ስምንት ወር ታስሮ ነበር። ሲፈታ አላማረራትም፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሏት ሄደ። ያቺ ምርቃት ከእርግማን የባሰች ሆና ዛሬም ድረስ ከውስጧ አልወጣችም።

ሥራ ቤቱ አንድ በርና አንድ መስኮት ያለው ጠባብ ክፍል ነው። ከሟቹ ከንፈር ጀመረች፤ ለሰባ ዓመት አዛውንት፣ ያውም ለሞተ ሰው፣ ከልክ በላይ ቀልቷል። ከዚያ ወደ መስኮቱ ቀና አለች። መጋረጃው ወደ ጎን ተገፍቷል፤ መስኮቱ ተዘግቷል፤ ከላይኛው ረድፍ ግን አንዱ መስታወት የለም፤ በቀዳዳው ነፋስ ይገባል። በቀዳዳው ሁለት የላይ ማዕዘኖች ላይ ጥፍር የሚያካክሉ ሰማያዊ የወረቀት ቅሪቶች ተጣብቀዋል። አንደኛው ላይ የወርቅ ነጥብ ያበራል። የወረቀቱ ጠርዝ በማጣበቂያ በጥንቃቄ የተለጠፈ ነው፤ የተቀደደው ግን በጥድፊያ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ቆዳ ላይ ሐረግ የሚታተምባቸው ትናንሽ ብረቶች ተደርድረዋል። ጫፋቸውን በጣቷ ነካች፤ አመድ ነው። ከጎናቸው ቁራጭ ቆዳ አለ፤ ጠራዥ ብረቱ በደንብ መጋሉን የሚሞክርበት። የኮከብ ቅርጾች በአንድ መስመር ታትመውበታል፤ የመጀመሪያዎቹ ጥልቅ ናቸው፣ ኋላ ኋላ እየደበዘዙ ይሄዳሉ፣ የመጨረሻው ብረቱ የተነካካበት ብቻ ነው። የሰውዬው ክንድ ሲከዳቸው ያየች ያህል ተሰማት። ብረቱ የጋለበት እሳት ግን በክፍሉ ውስጥ የለም። ወለሉ ላይ ብቻ፣ በአቧራው መሀል፣ አንድ ንጹሕ ክብ ቀርቷል።

«ደማቸውን ለከሰል ጭስ ይመርምሩልኝ በልልኝ» አለችው ጃለታን።

ቶለሳን በዚያው ቀን ጣቢያ አገኘችው። ትከሻው የሰፋ፣ ከእንጦጦ ተራራ ወዲያ ያደገ ሰው ነው፤ ዓይኖቹ አብጠዋል። ያለቀሰው ለራሱ አልነበረም።

«ጮህክባቸው?»

«ጮህኩ። ሳንባቸውን ታመው፣ ሲያስሉ ደረታቸው እንደ ወናፍ እየጮኸ ‹ካልሠራሁ› አሉ። ‹ይህ መጽሐፍ ይጨርስዎታል› አልኳቸው። እውነቴን ነው እኮ።»

«ምን ዓይነት መጽሐፍ ነው?»

«ምስጢር ነበር... በቃ፣ አሁን ምን ዋጋ አለው። የጥንት የፈረንጅ ፈረሰኞች ታሪክ ነው፤ ጦር የያዙ፣ ብረት የለበሱ፣ ሥዕሉ በየገጹ። ቤዛዊት፣ ልጃቸው፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች አንድ ደንበኛ አስጠርዙልኝ ብሎ ትቶት ነበር። ሁለት ወር ማታ ማታ ታሪኩን ሲነግሯት ከረሙ። ባለቤቱ ሲወስደው ሳምንት አለቀሰች። ጋሼ ዘንድሮ ወደ ኤርሚያስ አሮጌ መጽሐፍ መሸጫ ገብተው ያንኑ መጽሐፍ አገኙት። የገዛ እጃቸውን ስፌት አይተው ነው ያወቁት። የፊታችን ሰኞ ልደቷ ነው፤ ለዚያ ሊያደርሱላት ነበር።»

«ስትወጣ ከሰል ነድዶ ነበር?»

«የለም። ‹ዛሬ አልሠራም› ብለው ማሉልኝ፤ ወደ ቤት ገብተው ጋደም ሲሉ አይቼ በአሥር ሰዓት ወጣሁ።»

«መስኮቱ ላይ አንድ መስታወት የለም።»

«እሱ ሆን ተብሎ ነው። ቤተሰቡ የስንፍና ይመስለው ነበር፤ ጋሼም ለማስረዳት ሰነፉ። ለኔ ግን የመጀመሪያ ቀን ያስተማሩኝ እሱን ነው፦ ‹ከሰል ትንፋሽህን ይወስዳል፤ ያቺ ቀዳዳ ደግሞ ትመልስልሃለች።›»

ኤርሚያስ፣ አሮጌ መጽሐፍ ሻጩ፣ እጁን እያሻሸ ተቀበላት። ሐሙስ ዕለት መጽሐፉን መልሰው እንዲሸጡለት ጋሽ መዝገቡን ለምኖ ነበር፤ ይህ ጥርጣሬ እንደሚያመጣበት ገብቶታል።

«ሌላ ፈላጊ መጥቶበት ነበር፤ ጠየቅኳቸው። ‹ልጄን ሸጬ ነው እሱን የምሸጥልህ› ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።»

«መጽሐፉ ምን ይመስል ነበር?»

ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳያት። ከሽፋኑ ቀጥሎ የተለጠፈው ወረቀት ደማቅ ሰማያዊ ነው፤ በላዩ የወርቅ ኮከቦች ተበትነውበታል።

«ይህን ወረቀት ጠራዥ ምን ያደርገዋል?»

«አሮጌውን ጥራዝ ሲፈታ ይልጠውና ቅርጫት ውስጥ ይጥለዋል። በአዲስ ነው የሚተካው።»

እሑድ ከቀብር መልስ ለቅሶ ቤት ገባች። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብላ ጥግ ተቀመጠች። የጋሽ መዝገቡ እህት እትዬ ሙሉእመቤት ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። አስከሬኑን ያገኙት እሳቸው ናቸው። የቤዛዊት እናት ከሞተች ጀምሮ ልጅቷን ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው። ቤዛዊት ከጎናቸው ተኮራምታለች፤ ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ላይ የምትሠራ፣ ረጅም ቀጭን ልጅ ናት። ዓርብ ዕለት ሸጎሌ አራስ ጓደኛዋን ልትጠይቅ ሄዳ እዚያው አድራ ነበር። ስትመለስ አስከሬኑ ወደ ሆስፒታል ሄዷል፤ ሥራ ቤቱም በፖሊስ ታሽጓል።

«ዓርብ አባትሽን እንዴት ተውሻቸው?» አለቻት ንግሥት ቀስ ብላ።

«ተኝተው ነበር። ብርድ ልብስ ደርቤላቸው ወጣሁ። አክስቴም ትናንት እንቅልፍ ላይ ነው የወሰዳቸው አለችኝ። እንቅልፍ ላይ ከሆነስ... አልተሰቃዩም ማለት ነው አይደል?»

«አልተሰቃዩም» አለች ንግሥት።

የንስሐ አባታቸው መስቀል ይዘው ሲገቡ ቤቱ በሙሉ ብድግ አለ። እትዬ ሙሉእመቤት ብቻ አልተነሱም፤ ቄሱ ናቸው ጎንበስ ብለው መስቀሉን ያሳለሟቸው። ሰዉ ኀዘን አድክሟቸው ነው ብሎ አዘነላቸው። ንግሥት ግን ቀና ብላ አየቻቸው፤ ግራ እጃቸው የፍራሹን ጠርዝ ጨብጦ ይዟል፤ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው፤ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ እንኳ ከደረታቸው በላይ አላነሱትም።

ልትወጣ ስትል ከማድ ቤቱ ጀርባ አንድ ከመኪና ቸርኬ የተሠራ ክብ የከሰል ማንደጃ ተደፍቶ አየች። በውሃና በሳሙና ታጥቧል። ንግሥት በዕድሜዋ ብዙ ነገር ሲታጠብ አይታለች፤ የከሰል ማንደጃ የሚያጥብ ሰው ግን አይታ አታውቅም። ያኔ ስልኳ ጠራ። ሐኪሙ ነው፤ ደማቸው በከሰል ጭስ ተሞልቷል አላት። ማንደጃው አጠገብ ቆማ ብዙ ቆየች። ነገሩ ሲገለጥላት ደስ አላላትም፤ እንዲያውም ባልተገለጠልኝ አለች።

ሰኞ ጠዋት፣ በሣልስቱ ዕለት፣ ሁሉም ሥራ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ቶለሳ እጁ በካቴና ታስሮ ከጃለታ ጋር በሩ አጠገብ ቆመ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ኤርሚያስ ግድግዳ ተደግፏል። ንግሥት ማለዳ እትዬ ሙሉእመቤት ጆሮ ላይ ጎንበስ ብላ «ሲመጡ ፍራሹ ሥር ያለውን ይዘውልኝ ይምጡ» ብላቸው ነበር። አሮጊቷ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ገብተው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ቤዛዊት መጨረሻ ገባችና ከአባቷ ወንበር ኋላ ቆመች።

«ጋሽ መዝገቡን ማንም አልገደላቸውም» ስትል ጀመረች ንግሥት። «የወሰዳቸው የከሰል ጭስ ነው፤ ከንፈራቸውን ያቀላውም እሱ ነው። ብረቶቹ አመድ ነክቷቸዋል፣ ቁራጩ ቆዳ ላይ አዲስ ኅትመት አለ፣ ወለሉ ላይ የማንደጃ ክብ ቀርቷል። ዓርብ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ተነሥተው ወደዚህ መጡና ከሰል አነደዱ። ዝናብ ስለነበር መስኮቱን ዘጉ። ያቺ ቀዳዳ እንዳለች አምነው ነበር፤ አርባ ዓመት ከድታቸው አታውቅም።»

«ታዲያ?» አለ ጃለታ።

«በዚያ ዕለት ተዘግታ ነበር። ከመጽሐፉ በተላጠ ሰማያዊ ወረቀት ተለጥፋለች፤ መጋረጃውም ስለተሳበ አላዩትም። የለጠፈው ሰው ክፋት አልነበረውም። በዚህ አገር ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ከሌባ እኩል ነው የሚታየው፤ ሁላችንም ነፋስ ይገድላል ተብለን ነው ያደግነው። ሳንባቸውን የታመሙ ሰው አሉ፤ ከራሳቸው በላይ ቀዳዳ አለ። የሚወዳቸው ሰው ዘጋው።»

ንግሥት ቀጠለች።

«ቅዳሜ ንጋት ላይ እትዬ ሙሉእመቤት ገብተው ሁሉን አዩ፤ ወዲያውም ገባቸው። ማንደጃውን አውጥተው አጠቡ። ወረቀቱን ቀደዱ። መጽሐፉንም ደበቁ፤ ከሰሉ ለማን ሲባል እንደነደደ መጽሐፉ ራሱ ስለሚናገር። ከዚያ ቶለሳ ታሰረ። አሁን ምርጫው ከበዳቸው፤ ቢናገሩ የአንድን ሰው ልብ ይሰብራሉ፣ ዝም ቢሉ ንጹሕ ሰው ይታሰራል።»

«እኔ ነኝ የለጠፍኩት» አሉ እትዬ ሙሉእመቤት። «እኔ ነኝ ወንድሜን የገደልኩት። ጻፊው። ቶለሳን ፍቱት፤ ሦስት ቀን ሙሉ በሱ ኀጢአት ሠርቻለሁ።»

ንግሥት ማስታወሻዋን ገለጠች። ቀኝ ክንዳቸው ከደረታቸው በላይ እንደማይወጣ፣ በግራቸውም ቢሆን ቁመታቸው እዚያ እንደማያደርሳቸው ታውቃለች። ወረቀቱ ከማዕዘኖቹ ያልተላቀቀውም ለዚህ ነው፤ የለጠፈው ሰው እጅ እዚያ ድረስ በደንብ ደርሷል፣ የቀደደው ሰው እጅ ግን አልደረሰም። ሁለት ሰው ነው። ቢሆንም አሮጊቷ እንዳሉት ቢጻፍ ማን ይጎዳል? አደጋ መሆኑ አይለወጥ፣ ቶለሳ ይፈታል፣ አንዲት ልጅም ዕድሜዋን በሰላም ትኖራለች። እስክሪብቶዋን አነሳች።

«ወረቀቱ የት ሄደ?»

ቤዛዊት ናት። ከገባች ጀምሮ ዓይኗን ከመስኮቱ አላነሳችም፤ የተባለውን ግማሹን እንኳ አልሰማችም።

«ቤዛዬ፣ ነይ እንውጣ» አሉ አክስቷ።

«ዓርብ ስወጣ ነግሬሽ ነበር እኮ፣ አክስቴ። ‹ነፋሱን ዘጋሁላቸው› አልኩሽ። አንቺም ‹ተባረኪ› አልሽኝ።» ቃሏ እየቀዘቀዘ ሄደ። «ቶለሳ ከሄደ በኋላ ገብቼ ቅርጫት ውስጥ ነው ያገኘሁት ወረቀቱን። ሳየው ደስ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ አላወቅኩም... እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የዘጋሁት።»

እትዬ ሙሉእመቤት በደኅና እጃቸው አቀፏት፤ ልጅቷ ግን አላለቀሰችም። ንግሥት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እውነት የማንንም ዕንባ እንደማያብስ ያን ዕለት ዳግመኛ ተማረች። ለጃለታ ምልክት ሰጠችው፤ ካቴናው ተፈታ። ቶለሳ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ አልወጣም፤ ወደ ጠረጴዛው ቀርቦ ጨርቁን ፈታ።

ሽፋኑ ቀይ ቆዳ ነው። መሀሉ ላይ አንድ ፈረሰኛ ጦሩን ዝቅ አድርጎ ቆሟል፤ ዙሪያውን ኮከብ ከቦታል፤ አንዱ ማዕዘን ብቻ ባዶ ቀርቷል። ቤዛዊት ገለጠችው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ በምታውቀው ጋደል ባለ ጽሕፈት፣ እንዲህ ይላል፦

«ለቤዛዬ። ያኔ ያለቀስሽለት መጽሐፍ ይኸው ተመለሰ። አንድ ነገር ልንገርሽ፤ የፈረንጁን ቋንቋ አላውቀውም። ሥዕሉን እያየሁ ነው ታሪኩን ስፈጥርልሽ የከረምኩት። አሁን አንቺ ትችያለሽ፤ እውነተኛውን አንብቢልኝ።»

ያኔ ነው ዕንባዋ የመጣው። ረጅም ጊዜ አለቀሰች፤ ማንም ዝም በይ አላላትም። ሲወጣላት በአባቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ የመጀመሪያውን ታሪክ አወጣችና፣ ቃሉን ወደ አማርኛ እየመለሰች፣ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ቶለሳ ሄዶ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተው። የእንጦጦ ብርድ ገብቶ ገጾቹን አንቀሳቀሰ። እትዬ ሙሉእመቤት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። መስኮቱን ዝጉት ያለ ግን አልነበረም።