ስልክ የማይሠራበት ተራራ

ሣህሊቱ መጀመሪያ የጠረጠረችው መኪናውን ነው። ሰውየው የተከተለው በኋላ ነው።

ከእትዬ የሺሃረግ ሱቅ በርበሬዋን ይዛ ስትወጣ፣ ፌርፋክስ ላይ ካቆመቻት ትንሽ መኪናዋ ፊት አንድ ጥቁር፣ ከፍ ያለ፣ እስከ መስኮቱ ጭቃ የለበሰ መኪና ተገትሮ አገኘችው። ሎስ አንጀለስ ዝናብ ካየ አራት ወር አልፎታል። ታዲያ ይሄ ጭቃ ከየት መጣ? ከኋላዋም ሌላ መኪና ተለጥፎባታል። መውጫ የለም።

«መውጫ አሳጣሁሽ አይደል? ሶሪ፣ እህቴ» አለ አንድ ቀጭን ሰው ከግድግዳው ጥላ ተነስቶ።

«እህቴን ተወውና መኪናህን አንሳልኝ።»

«ቁልፉን ውስጥ ቆልፌበት ሰው እየጠበቅሁ ነው። ግን ትወጫለሽ፤ እኔ አስወጣሻለሁ።»

«ቁልፉን የሚረሳ ሰው ነው እኔን የሚያስወጣኝ?»

ሳቀ። ከመኪናዋ ፊት ቆመና ሁለት እጆቹን አነሳ። «መኪናውን አትዪ፤ እኔን ብቻ እዪ።»

ቀኝ አላት፤ ግራ አላት፤ በመዳፉ አስቆማት። ጣት በማታስገባ ክፍተት እያንሸራሸረ አወጣት። ሣህሊቱ አላመሰገነችውም። መንገድ ከገባች በኋላ ግን በመስታወቷ አየችው፤ እጆቹ ገና እንደተነሱ ነበሩ።

ስሙ ወንድይራድ ነበር፤ በሳምንቱ እዚያው ሱቅ ደግመው ሲገናኙ ነገራት። ቶራንስ ውስጥ ጋራዥ ይሠራል። ያ መኪና አሮጌ ሴኮያ ነው፤ እሱ ግን የሚያወራለት ስለ ልጁ እንደሚያወራ አባት ነው። ስፕሪንጉን ቀይሮ ከፍ አድርጎታል። ሆዱን ድንጋይ እንዳይፍቀው ከሞተሩ ስር ወፍራም ብረት አስሮለታል። ከፊት ራሱን ከጭቃ የሚጎትትበት ገመድ፣ ከላይ የውኃና የነዳጅ ጀሪካን መጫኛ አለው። ስምንት ሰው ይይዝ የነበረውን መኪና የኋላ ወንበሮቹን ነቅሎ፣ ከእንጨት መሳቢያዎች ሠርቶ፣ በላያቸው አልጋ ዘርግቶበታል።

አልጋው ለሁለት ሰው ነው። ሣህሊቱ ያን ጊዜ ሁለተኛ ጠረጠረች።

«ከማን ጋር ነው የምትተኛበት?»

«እስካሁን ከመፍቻዎቼ ጋር።»

መጠርጠሯ ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት ዳኒ የሚባል ሰው ቀለበት አድርጎላት ነበር፤ ዴንቨር ከተማ ሚስት እንዳለችው የሰማችው አዳራሹ ከተያዘ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የሰው ፊት ስታይ ከኋላው ያለውን የምትፈልግ ሆነች።

ወንድይራድ ግን ታገሣት። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከምትንከባከባቸው አሮጊት ቤት ሥራ ስትወጣ ወደ ጋራዡ ትሄዳለች። እሱ ከመኪናው ስር ሆኖ ያወራታል፣ እሷ መፍቻ ታቀብለዋለች።

«ተራራ ላይ ክፉ ድንጋይ ሲመጣ ነጂው ጎማው የሚረግጠውን አያይም» አላት አንድ ቀን። «አንዱ ወርዶ ከፊት ይቆማል። ነጂው የሱን እጅ ብቻ ነው የሚያየው።»

«የቆመው ሰው ቢዋሽስ?»

«ገደል ነዋ!»

ከሁሉ ይልቅ ልቧን የከፈቱት አባቷ ናቸው። አቶ እንግዳ ሠላሳ ዓመት በታርማበርና በግራካሶ ጠመዝማዛ ተሳቢ የነዱ፣ አሁን ኮምቦልቻ በጡረታ የተቀመጡ ሰው ናቸው። ስለ መኪናው ሲሰሙ «እስቲ ያን ልጅ አገናኚኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እሷን ሁለት ደቂቃ፣ እሱን አንድ ሰዓት ማናገር ጀመሩ።

«ስማ አንተ! ቁልቁለት ላይ ፍሬን አትመን። ማርሹ ይያዝህ!»

«እሺ፣ አባባ።»

«ልጄንስ እንዴት ነው የያዝካት?»

«በማርሽ ነው፣ አባባ።»

ሽማግሌው ሲስቁ ስልኩ ይንጫጫል።

በግንቦት መጀመሪያ፣ እግሮቹ ብቻ ከመኪናው ስር እየታዩ፣ «ሣህሊቱ፣ አግቢኝ» አላት።

«ወጥተህ ጠይቀኝ።»

አፍንጫው ላይ ዘይት ይዞ ወጣ። ደገመላት።

የአፍንጫውን ዘይት በጨርቅ ጠረገችለት። «አንድ ነገር ብቻ ነው። ዋሽተኸኝ ካገኘሁህ ያኔ አለቀ። መልሱን ለሰኔ ልትወስደኝ ባሰብከው ተራራ ላይ እነግርሃለሁ።»

«ኦኬ» አለ። «ተራራው የት ይሄዳል?»

ከዚያ በኋላ ነገሮች መዞር ጀመሩ።

አባቷ ስልክ ማንሳት ተዉ። ኮምቦልቻ ያለችው እህቷ «ጠበል ገብቷል፤ እዚያ ስልክ አይያዝም» አለቻት። አብራት የምትኖረው ፋና «ፌስቡክሽ ቫይረስ ገብቶበታል» ብላ ሳትጠየቅ ከስልኳ አጠፋችላት። እትዬ የሺሃረግ ሱቅ ስትገባ ወሬ ይቆማል። ሒሳብ ልትከፍል ስትል «ሂጂ አንቺ ልጅ» ብለው እጇን ይመልሱባታል፤ ወዲያው ደግሞ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው ያዞራሉ። አንድ ቀን ጋራዡ ውስጥ ስትደርስ ወንድይራድ ስልክ ላይ ነበር። «እሷ እንዳታውቅ ብቻ» ሲል ሰማችው። ሲያያት ዘጋው።

«ማን ነው?»

«ጋሼ አብዱ ናቸው፣ የእትዬ ጎረቤት።»

«ምንድን ነው እንዳላውቅ የተፈለገው?»

«ዕቃ ነው፤ ዕቃ አዝዤ ነው።» ዓይኑን ግን አላነሳም።

በዚያው ሳምንት ጉዞውን ከሰኔ ወደዚህ አመጣው። «ዓርብ እንሂድ፤ ከሥራ ፈቃድ ውሰጂ።»

«መሳቢያው አላለቀም አላልክም?»

«እንዲሁ ይሄዳል።»

መፍቻ እንኳ ቦታው ካልተመለሰ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው እንዲሁ ይሄዳል አለ! ሣህሊቱ እሺ ያለችው ለመዝናናት አልነበረም። ሊሸፍንለት ከሚችለው ሰው ሁሉ ለይታ ብቻውን ልታየው ነው። ሚስት ካለችው እዚያ ይነግራታል፤ ካልነገራት ደግሞ ሁሉም እዚያው ያበቃል።

ዓርብ ጠዋት እትዬ የሺሃረግ ሊሸኟቸው መጡ። ለሁለት ቀን ጉዞ እንዲህ አይሸኝም፤ አቅፈዋት አልለቅ አሉ። ከትከሻቸው በላይ ፋና ለወንድይራድ አንድ ፌስታል ስታቀብለው አየች።

መንገዱ አራት ሰዓት ፈጀ። ሎን ፓይን ከተማ አልፈው፣ አስፋልቱ አልቆ፣ ወደ ምሥራቁ ተራራ የሚወጣው የድንጋይ መንገድ ጋ ሲደርሱ ቆመና ጎማዎቹን አንድ በአንድ ያስተነፍስ ጀመር።

«ጤነኛ ጎማ ለምን ታስተነፍሳለህ?»

«ድንጋይ ላይ የለሰለሰ ጎማ ነው የሚይዘው። ስንወርድ እዚሁ መጥተን እንነፋዋለን።»

ይህንንም ጠረጠረችው። ሽቅብ ሲወጡ መኪናው እንደ ሽማግሌ ቀስ እያለ፣ ድንጋዩን እየዳሰሰ ይሄዳል። በቀኝ ሸለቆው እየጠለቀ፣ ከማዶ በረዶ የጫነው የተራራ ሰንሰለት እየተገለጠ መጣ። አንድ ቦታ ዝናብ የመንገዱን ግማሽ ወስዶታል። ወንድይራድ ወርዶ አይቶ፣ ተመልሶ፣ ትንፋሹን ይዞ አሳለፈው። የተራራው አናት ላይ ስልኳን አየች። አንዲት የኔትወርክ መስመር ነበረች። ወዲያው ወደ ማዶ ቁልቁል ሲሉ ጠፋች።

«እዚህ ስልክ አይሠራም?»

«አይሠራም» አለ። እፎይ ያለ መሰላት።

ፀሐይ ስትጠልቅ ራት ሊበሉ ሳህን ፍለጋ መሳቢያውን ሳበች። ከሳህኖቹ ስር ፌስታሉ ነበር። ውስጡ የሴት ነጠላ አለ፤ ታጥቦ የቆየ፣ የእሷ ያልሆነ ሽቶ ያለው። ይዛው ወጣች።

«ይሄ የማን ነው?»

ወንድይራድ እጁ ላይ ያለውን ክብሪት ጣለው። «የእትዬ የሺሃረግ።»

«እትዬ ለተራራ ነጠላ ይለብሳሉ?»

ጎንበስ ብሎ የጣለውን ክብሪት ፈለገ።

«ወንድይራድ፣ ዋሽተኸኛል?»

«አዎ።»

እንዲህ በአንድ ቃል ያምናል ብላ አላሰበችም። «ሚስት አለችህ?»

«የለችኝም። በእናቴ ሞት የለችኝም።»

«ልደውል። ወደ አናቱ ወጥቼ ለፋና እደውላለሁ።»

መንገዷ ላይ ቆመ። ነክቷት አያውቅም በቁጣ፤ ያን ጊዜም አልነካትም። እጆቹን ብቻ አነሳ፣ እንደዚያ ቀን ፌርፋክስ ላይ። «ነገ ጠዋት እነግርሻለሁ። አሁን ግን መሽቷል፣ አይሆንም። እለምንሻለሁ።»

«መልሴን የምትፈልግ ከሆነ እንካ፦ አላገባህም።»

መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈች። እሱ ድንጋይ ተደግፎ ውጭ ቀረ። ነጠላው መሬት ላይ ወድቋል።

ገና ጎህ ሲቀድ የመስኮቱን ጤዛ በእጇ ጠረገች። ወንድይራድ ከመኪናው ፊት ቆሟል። ታጥቧል፤ ፊቱ ላይ ውኃ አለ። የእትዬ የሺሃረግን ነጠላ አዘቅዝቆ ለብሶታል።

ሣህሊቱ ነጠላው ሲዘቀዘቅ ምን ማለት እንደሆነ ከልጅነቷ ታውቃለች። ሌሊት እየተጠራሩ፣ ጎህ ሲቀድ በር የሚያንኳኩትን ሰዎች ታውቃለች። አንድም ቃል ሳይናገር ጠበሉን፣ ቫይረሱን፣ ያልተቀበሏትን ሒሳብ፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ተረዳችው።

በሩን ከፍታ «አባባ» አለች።

«አባባ» አላት።

ጩኸቷ ከአለቱ ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ። ሃምሳ ሰው ሊይዛት በሚገባው ቦታ እሱ ብቻውን ነበር። ደረቷን እንዳትመታ እጆቿን ያዘ። የሚያሞግስ ሰው ስለሌለ ራሱ ጀመረ፤ ድምፁ የማይረባ፣ ግጥም የማያውቅ ሰው፦ «የታርማበሩ ሾፌር! የግራካሶው! ማርሹ ይያዝህ ያልከኝ፣ አንድ ቀን ሳላይህ!» ከዚያ እሱም ድምፁ ተቆርጦ አብሯት ተንሰቀሰቀ። አባባ እኮ የእሱም ሆነው ነበር።

ፀሐይ ከወጣች በኋላ ጠየቀችው።

«ስንት ቀን ሆነው?»

«ዘጠኝ። ደም ግፊታቸው ነው፤ በተኙበት ነው።»

«ዘጠኝ ቀን ዓይን ዓይኔን እያየህ።»

«አዎ። ወንድምሽ መዝሙር ዛሬ ማታ ከሲያትል ይገባል። ነገ ጎህ ሲቀድ እትዬ ቤት ሰው ተሰብስቦ ሊያረዱሽ ነበር። የአጎትሽ ልጅ ግን ፎቷቸውን ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ አውጥቶታል። ብቻሽን መንገድ ላይ፣ ሥራ ላይ፣ ከስልክ እንዳታገኚው ስልክ የማይሠራበት ውሰዳት አሉኝ። ነጠላውን የላኩት ምናልባት ከሰማሽ ብለው ነው፤ እስከ ነገ ዝም ልል ነበር። ትናንት ስትጠይቂኝ ግን… አልቻልኩም።»

ነጠላውን ከትከሻው ወሰደችና ራሷ አዘቅዝቃ ለበሰችው። እጇን ዘረጋች።

«ቁልፉን ስጠኝ።»

«ሣህሊቱ፣ መንገዱ…»

«ዘጠኝ ቀን ወዴት እንደምወሰድ ሳላውቅ ተወሰድኩ። አሁን የምነዳው እኔ ነኝ።»

ሰጣት። በዝቅተኛው ማርሽ፣ እግሯን ከፍሬኑ አርቃ፣ እንባዋን በነጠላው ጫፍ እየጠረገች አናቱን አሻገረችው። የሾፌር ልጅ ናት። ያ ዝናብ የበላው ቦታ ላይ ሲደርሱ ግን ቆመች። ከመሪው ላይ ሆና የሚታያት የመኪናው አፍንጫና ከሱ ወዲያ ያለው ባዶ ሰማይ ብቻ ነው።

ወንድይራድ ሳይጠየቅ ወረደ። ፊቱን ወደሷ አድርጎ፣ ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ ቆመ። እጆቹን አነሳ።

አየችው። የዋሻት ሰው ነው። «ዋሽተኸኛል?» ስትለው «አዎ» ያለም እሱ ነው። ዳኒን መቶ ጊዜ ጠይቃው ነበር፤ አንድ ቀን አዎ ብሏት አያውቅም።

በቀኝ እጁ ጠራት። ወደ ግራ አለች። ትንሽ… ትንሽ… በመዳፉ አቆማት። ጎማው ጠርዙን ሲረግጥ ጠጠር ሲንኮታኮት ተሰማት። መንገዱን አላየችም። እጁን ብቻ እያየች ነዳች፤ ድንጋዩ ከኋላ ቀርቶ መንገዱ እስኪሰፋ ድረስ።

ገብቶ ከጎኗ ሲቀመጥ ሸሚዙ በላብ ረጥቧል። እየነዳች እጁን ያዘችና፣ ማርሹ ላይ ከእጇ ስር አስቀመጠችው።

ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር፣ የእትዬ የሺሃረግ ግቢ፣ ከሰዓት በኋላ ለነገ ወንበር እየተደረደረ ነበር። ያ አቧራ የለበሰ መኪና በሩ ላይ ቆመ። ሣህሊቱ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ስትወርድ ሰው ሁሉ የያዘውን ወንበር እንደያዘ ቀረ።

ጋሼ አብዱ ወደ ወንድይራድ ሄዱ። «ምን አደረግህ አንተ? ነገ ነው አልተባለም? ወንድሟ እንኳ አልገባም! ማን ነኝ ብለህ ነው ብቻህን መርዶ የምትነግራት?»

ወንድይራድ አንገቱን ደፋ።

«ጋሼ አብዱ፣ አይቆጡት» አለች ሣህሊቱ። ድምጿ ተዘግቶ ስለነበር ሁሉም ጸጥ ብሎ ሰማት። «የነገረኝ ባሌ ነው።»

ወንድይራድ ቀና አለ። ቀኑ እልል የሚባልበት አልነበረም። እትዬ የሺሃረግ ምላሳቸው ላይ የመጣችውን እልልታ በመዳፋቸው አፈኗት፤ አፍነዋትም እየሮጡ መጥተው ልጅቷን አቀፏት፤ ግቢውም እንደ አዲስ አለቀሰ።

ያቺ እልልታ አንድ ዓመት ጠበቀች። አቶ እንግዳ ሙት ዓመታቸው ወጥቶ፣ በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ፌርፋክስ ላይ፣ አበባ የታሰረበት ጥቁር ሴኮያ በተራው መውጫ አጥቶ ሁለት መኪና መሐል ተቀርቅሮ ሳለ፣ ሙሽራዋ ወርዳ ከፊቱ ቆማ እጆቿን ስታነሳ፣ ከእትዬ አፍ ወጣች።