የኤልናታን አውራ ጣቶች

«ገሜዳ ደግሞ ጉራውን ሊነዛ ነው» የምትሉ ትንሽ ታገሡኝ። እዚህ ላይ የጨመርኩት አንድ ቃል የለም... በዓይኔ ያየሁት ነው።

ዘንድሮ ገና። ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ኮልፌ፣ ከ18 ማዞሪያ ገባ ብሎ፣ ጎረቤቴ ፈቀደ ግቢ።

ከ18 ማዞሪያ እስከ ቀራንዮ የእኔን ቢላ ሳይቀምስ የተበላ በግ የለም። አንድ ፋሲካ ብቻዬን አርባ በግ አርጄ ነጭ ሸሚዜ ላይ ጠብታ ደም አልነበረም!

ፈቀደ ግን ደም ሲያይ ያዞረዋል። በጉን አስረክቦኝ ሮጦ ቤት ገባ። ሚስቱ ሀዊ እናቷን ለመጠየቅ ወጥታለች።

አረድኩ። ጭንቅላቱን ለየሁ። በረንዳው ማገር ላይ ሰቅዬ ገፈፍኩት። ከዚያ በር ላይ ቆሜ ለአላፊ አግዳሚው ስለ እጄ ፍጥነት ሳወራ ቆየሁ። ስመለስ...

ቢላዬ የለም።

ሳሎን ገባሁ።

ፈቀደ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን ይነካካል። የሰባት ዓመቱ ልጁ ኤልናታን ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጦ ጌም ይጫወታል።

ጌሙ ውስጥ ሰው ይታረዳል።

ጉሮሮው ሲቆረጥ የሚያሰማው ድምፅ... ዕድሜ ልኬን በግ ሳርድ የኖርኩት ሰውዬ ጆሮዬን ያዝኩ። ልጁ ድፎ ዳቦውን ያላምጣል። ደሙ ሲረጭ አንዴም ዓይኑን አላርገበገበም።

«ፈቀደ! ይሄ ምንድን ነው?»

«ጨዋታ እኮ ነው ጋሽ ገሜዳ። ዝም ያሰኝልኛል።»

«አንተን የበግ ደም ያዞርሃል!»

ሳቀ። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

ጎንበስ ስል... ከልጁ ጭን ሥር የቢላዬ እጀታ ብቅ ብሏል።

«ማሙሽ...» አልኩ በሹክሹክታ። «ይሄ ለምንህ ነው?»

«ለሄቨን።»

ሄቨን የሁለት ዓመት እህቱ ናት። ሶፋው ጥግ ተኝታለች።

«ታለቅሳለች» አለኝ። «ዝም አሰኛታለሁ፤ ከዚያ ትነሳለች። ጌሙ ላይ ሁሉም ይነሳል።»

ቢላዬን መንጭቄ ወሰድኩ።

«ሰማህ? እህቱን ሊያርዳት ነው!»

«ልጅ አይደል? ይቀልዳል እኮ!»

የጌሙን ገመድ ከሶኬቱ ነቀልኩት። ቴሌቪዥኑ ጠቆረ።

«ኧረ ጋሼ! አሁን ማን ሊያባብለው ነው?» አለ አባት ተብዬው።

ኤልናታን ግን አላለቀሰም። ጆይስቲኩን እንደያዘ ነው። አውራ ጣቶቹ አላቆሙም።

ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ...

«ጠብቁ» አለ። «ሊነሳ ነው።»

ዓይኑን ተከትዬ በመስኮት ወደ በረንዳው አየሁ።

ትኩስ ሥጋ እንደሚንቀጠቀጥ ለእኔ እንዳትነግሩኝ። ያ በግ ከቀዘቀዘ ቆይቷል። ቆዳ የለው፣ ጭንቅላት የለው።

ጠቅ።

አንድ የፊት እግሩ ተወራጨ።

ጠቅ።

ሌላኛው።

የፈቀደ ስልክ ከእጁ ወደቀ። «ሄቨን...» አለ። «ሄቨን የት ሄደች?»

ሶፋው ጥግ ባዶ ነው።

በረንዳው ላይ ናት። በባዶ እግሯ፣ ከተሰቀለው በግ ሥር ቆማ ታጨበጭባለች።

ኤልናታን መጫኑን ቀጠለ። በጉም መራገጡን።

ሄቨን ዞራ አየችን። በእጄ ወዳለው ቢላ አንገቷን ቀና አደረገች...

«እኔንም!» አለች።