የአትጠገብ ብስክሌት

ይስማው በየጠዋቱ ፊቱን ከታጠበ በኋላ መጀመሪያ የሚያደርገው የልጁን ብስክሌት ከጓዳው አውጥቶ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ነበር። አረንጓዴ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ባትሪው ከመቀመጫው ሥር የተሸጎጠ፣ ከኋላው ሰፊ መጫኛ ያለው ብስክሌት ነው። አትጠገብ የገዛችው ባሕር ዳር ውስጥ ቤንዚን ጠፍቶ ባጃጆች ማደያ ደጃፍ ተሰልፈው በሚውሉበት ሰሞን ነበር፤ የምትሠራበት መድኃኒት ቤት ከዓባይ ድልድይ ማዶ ስለሆነ በእግር የሚሞከር አልነበረም። መብራቱን፣ መሪውን፣ የጎማዎቹን ሽቦዎች እየወለወለ ይመጣና ጣቱ የመሪው መያዣ ላይ ሲደርስ ይዘገያል። ላስቲኩ በእሷ መዳፍ ልክ ተበልቷል።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስትመለስ፣ ከድልድዩ ማዶ ባለው ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ ወድቃ ሞተች። የገጫት መኪና አልነበረም። መንገዱም ደረቅ ነበር። ዳር ላይ በቆሎ ሲኮተኩቱ የነበሩ ሰዎች የሰጡት ቃል አጭር ነው፤ ብቻዋን ትሄድ ነበር፣ ድንገት አንገቷን አዙራ ወደ ኋላዋ ተመለከተች፣ ወደቀች። ብስክሌቱ ላይ ጭረት እንኳ አልተገኘም።

አርባዋ ከወጣ በኋላ ጎረቤቶቹ "ሽጠው፣ ባየኸው ቁጥር ያደማሃል" አሉት። እምቢ አለ። ዕድሜውን የፈጀው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ሲጠግን ነው፤ ማሽን ሰው ከመጉዳቱ በፊት በድምፁ ሳይናገር አይቀርም ብሎ ያምናል። ልጁን የጣላት ብልሽት ካለ እዚሁ ብረት ውስጥ ተደብቆ ተቀምጧል፣ ደጋግሞ ቢነዳው አንድ ቀን ይሰማዋል። ሚስቱ ውባለም፣ አትጠገብ ገና ተማሪ ሳለች ስለሞተች፣ "ተው" ብላ የምትከለክለው ሰው ቤት ውስጥ አልነበረችም።

ነዳው። እሷ በምትወጣበት ሰዓት እየወጣ፣ እሷ በምትሄድበት መንገድ፣ በሐይቁ ዳር ዘንባባዎች ሥር አልፎ፣ በዓሣ ገበያው በኩል ታጥፎ፣ ድልድዩን ተሻግሮ መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ድረስ ይሄድና ሳይወርድ ይመለሳል። ለብዙ ቀናት የሰማው የሞተሩን ለስላሳ ሽውታና ጎማው እርጥብ አስፋልት ላይ ሲሽከረከር የሚያወጣውን ድምፅ ብቻ ነበር።

ሐምሌ ሲጋመስ፣ ደመናው ሐይቁ ላይ ተኝቶ ውሃውና ሰማዩ በማይለዩበት አንድ ጠዋት፣ ድልድዩ አፋፍ ላይ ሲደርስ ሰማው። መጀመሪያ ድምፅ እንኳ አልነበረም፤ ከመቀመጫው ተነስቶ በአከርካሪው ሽቅብ የሚወጣ፣ ጥርሱ ሥር ገብቶ የሚያሳክክ ንዝረት ነበር። ፍጥነቱን ሲቀንስ ቀነሰ፣ ሲጨምር ጨመረ፣ ድልድዩን ሲጨርስ እንደ ዝንብ እልም አለ። ይስማው ከብስክሌቱ ወርዶ የኋላውን ጎማ ያዘ። "አገኘሁህ" አለ።

ዓሣ ገበያው አጠገብ ባዘዘው የሚባል የብስክሌት ጠጋኝ አለ፤ አትጠገብን በሰላምታ የሚያውቃት፣ ለቅሶዋ ላይ ድንኳን የተከለ ሰው ነው። ብስክሌቱን ገልብጦ በመቀመጫውና በመሪው አቆመው። ጭቃ የሚከላከለው የኋላው ፓራፋንጎ ብሎን ላልቶ አገኘውና "ይኸው ነው" ብሎ አጠበቀ። በማግስቱ ንዝረቱ ተመለሰ። ባዘዘው ባትሪው ቤቱ ውስጥ እየተንቀሳቀሰ እንደሆነ ጠርጥሮ ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ የቆረጠውን ላስቲክ ከሥሩ ጎዘጎዘለት። ድምፁ አሁንም አለ፤ እንዲያውም ከድልድዩ ወርዶ እስከ ገበያው ድረስ መከተል ጀምሯል። ካቴናው ተጠብቆ ግራሶ ተቀባ፣ ጎማው የሚሽከረከርበት የኋላው ኩሽኔታ በአዲስ ተቀየረ፣ ሞተሩ ተፈቶ ተጠርጎ ተመለሰ። ተገልብጦ ሲሽከረከር ጎማው እንደ ቅቤ ነው። ባዘዘው ራሱ ድልድዩ ድረስ ነድቶት መጣ።

"ጋሽ ይስማው፣ ምንም የለውም። ትንፍሽ አላለም።"

"እኔ ስቀመጥበት ነው የሚናገረው።"

"እንግዲያው ይቀመጡበት፤ እኔ ከኋላ ልከተል።"

ይስማው ቀስ ብሎ ነዳ። ባዘዘው በሌላ ብስክሌት ከኋላው ነበር፤ የዓሣው ክርፋትና የረጠበው ከሰል ጭስ ወደ ኋላ ቀርቶ የወንዙ አየር ፊታቸውን ሲመታው ንዝረቱ ተነሳ። ይስማው ግን በዚያ ቀን ሌላም ነገር አስተዋለ። ድምፁ በተነሳ ቁጥር የረጋ ውሃ ሽታ ይመጣል፤ ለረጅም ጊዜ ክዳኑ ያልተነሳ ጉድጓድ ሲከፈት የሚሸት ዓይነት። ወንዙ ዳር ያለው ደንገል ነው፣ ክረምት ነው፣ አለ ለራሱ። ሲዞር ባዘዘው ርቆ ቆሟል፤ አንድ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ፣ ሊጠጋ አልፈለገም።

ተመልሰው ሱቁ ሲገቡ ባዘዘው ለረጅም ጊዜ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ።

"ማንን ነው የሚጭኑት?" አለ በመጨረሻ።

"ማንንም።"

"የኋላው ሽቦዎች ጎብጠዋል። ቀና አድርጌያቸው ነበር፣ እንደገና ጎብጠዋል። ጎማው ከኋላ ሰው ሲጫንበት እንደሚበላው ነው የተበላው። አሁን ሲሄዱም አየሁት፤ ተኝቷል ጎማው። እርስዎ ደግሞ ከሐዘኑ ወዲህ አጥንትዎ ነው የቀረው።" ዓይኑን ከመጫኛው ላይ አንስቶ ወደ መንገዱ አደረገ። "ገንዘብ አልፈልግም። ይሽጡት... አይ፣ አይሽጡትም። ለሰው አይስጡት። ብቻ ይተዉት።"

ይስማው ብስክሌቱን ይዞ ወጣ። ወደ ቤቱ ሲነዳ ዝናቡ ጣለ፤ ከቀኑ ገና ዘጠኝ ሰዓት ቢሆንም ከተማው በአንዴ ጠቆረ፣ ሱቆቹ ቆርቆሮ በራቸውን እየጎተቱ ዘጉ፣ መንገዱ ላይ ሰው ጠፋ። ንዝረቱ ከዚህ በፊት ባልሰማው ቅርበት ከጀርባው ተነስቶ በትከሻዎቹ መካከል ተቀመጠ። ያን ጊዜ ገባው። ሞተር እንዲህ አይዘምርም። ይህ አፉን የዘጋ ሰው እንጉርጉሮ ነው፤ ጉንጩን ከሌላ ሰው ጀርባ ላይ ለጥፎ የሚያንጎራጉር ሰው።

አትጠገብ ልጅ ሳለች በአሮጌው ብስክሌቱ ከኋላ ጭኖ ነበር ትምህርት ቤት የሚያደርሳት። ጉንጯን ጀርባው ላይ ትለጥፍና "እምምም" ትላለች፣ ኮረኮንቹ ድምፅዋን ሲሰባብረው ትስቃለች። "አባዬ፣ ሆድህ ውስጥ እየዘፈንኩ ነው" ትለው ነበር።

ፍሬን ያዘ። ዝናቡ ኮቱን አልፎ ሸሚዙ ደርሷል።

"አትጠገብ?"

እንጉርጉሮው ቆመ። ከዚያ ከፊተኛው ይልቅ ለስልሶ፣ እንደሚያባብል ሰው፣ ቀጠለ። ይስማው ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ፣ ድንኳን ውስጥ በሰው ፊት ያላለቀሰውን ለቅሶ አለቀሰ።

ከዚያ ቀን በኋላ ባዘዘው ጋ አልሄደም፤ ብልሽት መፈለጉንም ተወ። በየቀኑ ያወጣታል። ሐይቁን እያሳያት፣ ማን እንዳገባ፣ ማን ቤት እንደሠራ፣ የእናቷ የሮማን ዛፍ ዘንድሮ እንዴት እንዳፈራ እየነገራት ይነዳል፤ እሷም ታንጎራጉራለች። ጎረቤቶቹ ፊቱ ላይ ፈገግታ መመለሱን አይተው እግዚአብሔር አጽናናው ተባባሉ። መጉበጡን ግን አልወደዱለትም። ኮቱ ከትከሻው በታች፣ ፀሐይ በወጣበት ቀን እንኳ፣ የጉንጭ ያህል ቦታ ላይ እርጥብ ነበር፤ ቢያሰጣውም አይደርቅም፣ ሽታውም አይለቅም።

አንድ ጊዜ፣ የወደቀችበት ቦታ ላይ ሲደርሱ፣ ለረጅም ጊዜ ሲያንቀው የነበረውን ጠየቃት።

"ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው የወደቅሽው?"

ወገቡ ላይ የሆነ ነገር ዞረ። ቁልቁል ቢያይ ከኮቱ መጨማደድ በቀር የሚታይ አልነበረም፤ ጨርቁ ከግራና ከቀኝ ወደ ውስጥ እየተጫነ መጥቶ ሆዱ ላይ ተገናኘ፣ ተገናኝቶም አልቆመም፣ አንዱ እጥፋት በሌላው ላይ አልፎ ዙሩን ቀጠለና እንደገና ጎድኖቹ ላይ ደረሰ። ክንድ ይህን ያህል አይረዝምም። ይስማው ትንፋሹ እያጠረ ወደ ፊት ብቻ ተመለከተ። ፈርታ ነው፣ አለ፤ ቦታው አስፈርቷት ነው። ያዢኝ፣ ያዢኝ ልጄ፣ እያለ ድልድዩን ተሻገረ።

ነሐሴ ውስጥ አንድ እሑድ፣ ቤት ሲደርሱ ዶፉ ወርዶ ግቢው ኩሬ ሆኖ ነበር። ብስክሌቱን ጓዳ ሊያስገባ ሲል ልቡ አልችል አለ። ስንት ሌሊት ነው ልጁን ከነዝናቡ ከቆርቆሮና ከከሰል ጋር የዘጋባት? የሳሎኑን በር በሰፊው ከፈተ፤ ከለቅሶው ጀምሮ ያልተከፈተውን የመኝታ ክፍሏንም ከፈተ፣ አልጋዋ ላይ የተቀመጠውን ሻንጣ አነሳ፣ ብርድ ልብሱን ገለጠ።

"ግቢ በይ። የራስሽ ቤት ነው" አለ።

ጥቂት ቆይቶ ብስክሌቱን ሲያነሳው በአንድ እጁ ተነሳ፤ እንደዚያ ቀልሎት አያውቅም። እንጉርጉሮው ከቤት ውስጥ ይመጣ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ትርሲት መጣች። ከአትጠገብ ጋር መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አብራ የሠራች ጓደኛዋ ናት፤ አትጠገብ ስትሞት ትርሲት የመውለጃ ጊዜዋ ስለደረሰ ወላጆቿ ጎንደር ወስደው መርዶውን ደብቀዋት ከርመው፣ ከአራስ ቤት ስትወጣ ነው የነገሯት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጁ ላይ ቆመች። ይስማው ደግፎ አስገባት፣ አብረው አለቀሱ፣ ውሃ ሰጣት። እሱ ግን ቶሎ እንባውን ጠረገ። ፊቱ ከሐዘንተኛ ይልቅ የደስተኛ ሰው ፊት ይመስል ነበር፤ ትርሲትም አስተውላለች።

"አንቺ ጓደኛዋ ነሽ፤ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አልሄደችም እኮ። መጀመሪያ የብስክሌቱ ብልሽት መስሎኝ ነበር። የሚንዘረዘር ድምፅ፣ ከኋላ በኩል። ለካ እሷ ናት። ታንጎራጉርልኛለች። ትናንት ቤት አስገባኋት፣ ክፍሏ ውስጥ ናት። ዝም ብለሽ ስሚ።"

ትርሲት ሰማች። ከተዘጋው በር ወዲያ፣ ዝቅ ያለ፣ አፉን የዘጋ ሰው እንጉርጉሮ ነበር። የያዘችው ብርጭቆ ውስጥ ውሃው በቀጭኑ ይንዘረዘር ጀመር። ብርጭቆውን በጥንቃቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ስትናገር ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅዋ እምብዛም አልወጣም።

"ጋሼ... ይህ ድምፅ አትጠገብ ብስክሌቱን ከገዛችው ጊዜ ጀምሮ ነበር። እርስዎ እንዳይጨነቁ ብላ ነው የደበቀችዎ። ጎማ ነው አለች፣ ሞተር ነው አለች። በኋላ ግን ደስ ብሏት መጣችና 'እናቴ ናት፣ ከኋላዬ ተቀምጣ ታንጎራጉርልኛለች' አለችኝ።"

ይስማው ወደ ተዘጋው በር ተመለከተ።

"ወደ ጎንደር ልሄድ ስል ደግሞ ስልክ ደወለችልኝ። ታለቅስ ነበር። 'ትርሲት፣ እናቴ አይደለችም፣ ዞሬ ልያት እንዴ?' አለችኝ።"

ያን ጊዜ ከተዘጋው በር ወዲያ ሲያንጎራጉር የነበረው ነገር፣ ጨዋታ ለመስማት ጆሮውን እንደሚሰጥ ሰው፣ ዝም አለ።