ከድንጋይ እስከ ድንጋይ

«አባዬ፣ ስልሳ ላይ ያዝልኝ። እንዳትጨምር፣ እንዳትቀንስ» አለች ዳሊያ፣ የስልኳን ሰዓት ቆጣሪ ከፍታ።

እሑድ ጠዋት ነው። ባዶው ሚኒባስ ከአዳማ ወደ ሞጆ በሚወስደው አሮጌው መንገድ ላይ ነው። አባቷ ጃዕፈር የፍጥነት መለኪያውን ቀስት ስልሳ ላይ አቁሞ ፈገግ ብሏል። ልጁ በፊዚክስ ልትመሰክርለት ነዋ።

ከሳምንት በፊት አንዲት የትራፊክ ፖሊስ አስቁማ «በሰማንያ ዘጠኝ እየነዳህ ነው» ብላ ቀጥታዋለች። የመንገዱ ወሰን ሰማንያ ነበር። «ወላሂ ከሰማንያ አላለፍኩም፤ ሴትዮዋ ውሸታም ናት» እያለ መናኸሪያ ውስጥ ላገኘው ሹፌር ሁሉ አወራ። ፖሊሷ ደግሞ የጫልቱ እናት ናት። ጫልቱና ዳሊያ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። ዳሊያ አባቷን አምና፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ «እናትሽ በሰው እንጀራ ትጫወታለች» አለቻት። ጫልቱ ደብተሯን ሰብስባ የኋላ ዴስክ ሄደች፤ ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ናት።

የመጀመሪያው የኪሎ ሜትር ድንጋይ ሲያልፍ ዳሊያ ቆጣሪውን ነካች። በስልሳ የሚሄድ መኪና አንዱን ኪሎ ሜትር በስልሳ ሰከንድ ይጨርሳል። ይሄን ለማወቅ የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስም አያስፈልግም።

ቀጣዩ ድንጋይ ጋ ሲደርሱ ሃምሳ አራት ሰከንድ ነበር።

«ቸኩለሽ ነክተሽው ነው» አለ ጃዕፈር።

ደገሙት። ሃምሳ አራት። ሦስተኛውም ያው። ደብተሯ ላይ አሰላችው፦ መለኪያው ስልሳ ሲል መኪናዋ ስልሳ ሰባት ገደማ ትሄዳለች። ሰማንያ ሲልስ? መልሱን ጮክ ብላ አነበበችለት። ሰማንያ ዘጠኝ።

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

«ጎማውን መቼ ነው የቀየርከው?»

ጃዕፈር የቀየረው ባለፈው ወር ነው። ባቱ አካባቢ ወደ አበባ እርሻዎቹ የሚያስገባው ኮረኮንች የመኪናዋን ሆድ ሲፈትግበት፣ ጎሚስታው ከፍ ያለ ጎማ ገጠመለት። ሰፈሩ ሁሉ «ቁመት ጨመረች» ብሎ አደነቀለት። ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ መለኪያው ግን የሚቆጥረው ዙሩን ብቻ ነው።

«ለማንም እንዳታወሪ» አለ። «ጎማውን እቀይራለሁ፣ አለቀ። የመናኸሪያ መሳቂያ ልሁን እንዴ?»

ዳሊያ አፍራ ነበር፤ በእሱም፣ ከሁሉም በላይ በራሷ። ያሰላችበትን ገጽ ቀስ ብላ ገንጥላ አጠፈችው። ሰፈር እንደገቡ ሰማያዊ በር ያለው ግቢ ጋ ሲደርሱ «እዚህ አውርደኝ» አለች።

«ቤት ገና ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

አባቷ ሰማያዊውን በር አየ፤ እጇ ላይ ያለውን ወረቀትም አየ። ከዚያ አቆመላት።

ዳሊያ ወርዳ የእነ ጫልቱን በር አንኳኳች። ሚኒባሱ ከኋላዋ አልሄደም። መጀመሪያ ሞተሩ ጠፋ፤ ቀጥሎ የሹፌሩ በር ሲከፈት ሰማች።