ሦስቱ ፖስታዎች

አማካሪው በጀርባው ተዘርሯል። የራስ ቅሉ ከግራ ጆሮው በላይ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ የፊቱ ነገር ግን ከዚያም የባሰ ነው። ቆዳው ቀልጦ ዓይኑ ከጉንጩ አይለይም። አጠገቡ ደም የተጣበቀበት መዶሻ ወድቋል፤ ከመዶሻው ማዶ አንድ ድስት ተደፍቷል።

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ትንፋሿን ያዘች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቅጥነቷን አይተው ነው የሚሉ አሉ፤ የጠየቀችውን ሁሉ ስለምትወጋ ነው የሚሉም አሉ። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ ያየችው ሬሳ ቁጥር የለውም፤ ከሞተ በኋላ ፊቱን ያጠፉበት ሰው ግን ሁልጊዜ ደሟን ያፈላዋል።

ቤቱ አነስተኛ ሥራ መጀመር የሚፈልጉ ሰዎች የሚመከሩበትና የሚሠለጥኑበት ማዕከል ነው። ሟቹ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ምን ልሥራ?» እያለ የመጣውን ሁሉ አስቀምጦ ዕቅድ ሲያስጽፍ የኖረ ሰው ነበር። የዘንድሮ ሠልጣኞቹ ሦስት ናቸው፦ አንዲት ሳሙና ሠሪ፣ አንድ ሽማግሌ አናጢና አንድ ዳቦ ጋጋሪ። የሥራ ዕቃቸውን የሚያስቀምጡት እዚሁ ነው። ከሦስቱ አንዱ ገበያው መግቢያ ላይ ያለውን ሱቅ ያገኛል። መራጩ ሟቹ ነበር።

ከውጭ ጩኸት ተሰማ። መርፌ ወጥታ ስትሮጥ ሳሙና ሠሪዋ መሬት ላይ ተጥላ አገኘቻት። በሩን በጠዋት ከፍታ ሬሳውን ያገኘችው የሟች እህት ደረቷ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ይዛለች። ጭንቅላቷን ከድንጋዩ ጋር ታጋጫለች፤ ዙሪያውን የቆመው ሰው ደግሞ በእርግጫ ያግዛታል።

«የሳሙናው ኮስቲክ ሶዳ የማን ነው? የሷ አይደለም? ወንድሜን ቀቀለችው!»

ግዙፉ ሃምሳ አለቃ ሰዉን በጠመንጃው ሰደፍ ገፍቶ ሳሙና ሠሪዋን መንጭቆ አወጣት። ከአፏ ደም ስትተፋ ጥርስ አብሮ ወደቀ።

«ቤቷን አቃጥሉት!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ልጆቼ!» ሳሙና ሠሪዋ የመርፌን እግር ያዘች። «እትዬ፣ ሁለት ልጆቼ እቤት ናቸው! እኔን እሰሩኝ፤ ልጆቼን ግን እንዳይነኩብኝ!»

መርፌ ሁለት ፖሊሶች ወደ ልጆቹ ሰደደች። ሁለት ሰው መቶ ሰው እንደማያቆም ታውቃለች። አለቃዋም በስልክ «እስከ ስድስት ሰዓት ካልጨረስሽ ሴትዮዋን ወህኒ አውርደን ሕዝቡን እናብርድ» አላት። አራት ሰዓት ሊሆን ነው። ለሴትዮዋም፣ ለልጆቿም የቀረው ያው ሁለት ሰዓት ነው።

ተመልሳ ገባችና ድስቱን በጓንቷ አነሳችው። ማዕከሉ ውሃ የሚያፈላበት የአሉሚኒየም ድስት ነው። ውስጡ ጠቁሯል፣ ተቦርቡሯል። ግድግዳውና ኮርኒሱ ላይ ደግሞ ነጫጭ ነጠብጣብ ደርቋል። ድስቱ ውስጥ የነበረው ነገር ፈንድቶ ወደ ላይ ተረጭቷል ማለት ነው።

ሳሙና ሠሪዋን ከጎን ባለው ክፍል አስቀመጠቻትና ውሃ ሰጠቻት።

«ሶዳውን በምንድን ነው የምትበጠብጪው?»

«በፕላስቲክ ባልዲ፣ በወፍራሙ።»

«በአሉሚኒየም ድስትስ?»

ሴትዮዋ በዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ ሆና እንኳ እንደተሰደበ ሰው ቀና አለች። «ምነው እትዬ! ሶዳ አሉሚኒየም ይበላል። ያጠቁረዋል፣ ጭሱም ያፍናል። ይህን ያላወቀ ሰው ሳሙና አይሠራም።»

«የሚቀድመው የቱ ነው? ውሃው ነው ሶዳው?»

«ውሃው። ሶዳው በላዩ ቀስ እየተባለ ይነሰነሳል። ውሃውን ሶዳው ላይ ካፈሰሱት ይፈነዳል። ይኸው!» እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንዷ ላይ ክብ ክብ ያረጁ ጠባሳዎች ተበትነዋል። «ጀማሪ ሳለሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ተሳስቼ አላውቅም።»

ሃምሳ አለቃው በሩ ላይ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንዳትጠረጠር ብላ ሆን ብላ ብታሳስተውስ?»

«እንዳትጠረጠር የፈለገች ሴት ሶዳውን መጀመሪያውኑ ለምን ትነካለች? መዶሻው አይበቃትም?» አለች መርፌ።

«ግን እኮ...» አለች ሳሙና ሠሪዋ፤ «ዕቅዴ ላይ ተሳስቶ ነበር።» ከቦርሳዋ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣች። በኮምፒውተር ከተጻፈው መካከል ሁለት መስመሮች በቀይ ተሰርዘዋል። «የኮምፒውተር ቤቷ ልጅ ባልዲውን በድስት ለውጣ፣ ተራውንም ገልብጣው፣ ‹ሶዳውን ድስት ውስጥ አድርጎ ውሃ ማፍሰስ› ይላል። ትናንት ከሰዓት አማካሪው ጠራኝና ‹ይህን ያመነ ሰው ዓይኑ ይጠፋል› ብሎ አረመልኝ።»

«ይህን ወረቀት ሌላ ማን አይቶታል?»

«ይህን ማንም አላየውም። ያልታረመው ቅጂ ግን ትናንት ጠዋት በፖስታ ወጥቷል። የሱ ደንብ ነው፤ የአንዳችንን ዕቅድ አሽጎ ለሌላችን ይሰጣል፣ የራሱ የሚደርሰው የለም። ዛሬ እያንዳንዳችን የሌላውን ጮክ ብለን ልናነብ ነበር። ‹የራስህ ሞኝነት የሚሰማህ በሰው አፍ ሲነበብ ነው› ይላል። እስኪነበብ ድረስ የማን እንደደረሰህ አትናገርም።»

«ላንቺ የማን ደረሰሽ?»

«የጋሼ አናጢው።»

አናጢው እየጮኸ ገባ። «መዶሻዬን! አባቴ ያወረሱኝን መዶሻ በሰው ደም አረከሱብኝ!» ብሎ ጠረጴዛውን በቡጢ ሲመታው የውሃው ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ። የዕድሜ ልክ መጋዝ ያጠነከረው ባዶ ክንዱ ላይ አንድም አዲስ ቁስል አልነበረም።

«ጋሼ፣ የማን ፖስታ ደረሰዎት?»

«አልናገርም።»

«ሰው ሞቷል እኮ ጋሼ።»

«ስለሞተ ነዋ! እስኪነበብ አትናገሩ ብሎኛል። ቆሞ ያከበርኩትን ሰው ተጋድሞ አልንቀውም።»

መርፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። እንዲህ ያለ ግትር ሽማግሌ ሥራዋን ቢያከብድባትም ትወዳለች።

ዳቦ ጋጋሪው ከምድጃው ተጠርቶ መጣ። እስከ ክርኑ ዱቄት ለብሷል፤ ዓይኑ ደግሞ እንባ አቅርሯል።

«ይቅርታ እትዬ፣ ሊጥ ላይ ነበርኩ። ሞትም ቢመጣ ሊጥ አይጠብቅም።»

«እውነትህን ነው። የማን ፖስታ ደረሰህ?»

«የአናጢው» አለ፣ ሳያመነታ።

«ጥሩ ነበር?»

«ግሩም ነው! ጎበዝ ሰው ናቸው።»

የክንዱ ዱቄት እዚህም እዚያም ረጥቦ ወደ ሊጥነት ተለውጧል። መርፌ አየችው፤ አየሁ ግን አላለችም። አመስግና ሸኘችው።

የሟች እህት አልቅሳ ስለደከመች መልሷ አጭር ነበር። «ትናንት ማታ ሲገባ ጫማው ዱቄት በዱቄት ነበር። እራቱንም አልነካ። ‹ነገ አንድ ሰው ሊያለቅስ ነው› አለኝ። አልቃሿ እኔ እሆናለሁ ብዬ አላሰብኩም።»

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም በሥልጠናው ክፍል ተሰበሰቡ። ሬሳው ተነስቷል፤ ደሙ ግን አለ። በመስኮቱ በኩል ድንጋይ የጨበጡ ሰዎች ይታያሉ። መርፌ ጠረጴዛው ላይ ጥቁሩን ድስትና አንድ ሳፋ ንጹሕ ውሃ አስቀመጠች።

«ገዳዩ በጠዋት መጣ። አማካሪው ከሁላችሁ ቀድሞ እንደሚገባ ያውቃል። ተጣሉ፤ እጁ የገባውን መዶሻ አንስቶ መታው። ይሄ ንዴት ነው። ከዚያ በኋላ ያደረገው ግን ተንኮል ነው። ሳሙና ሠሪዋ ላይ ለመለጠፍ ሶዳ በጥብጦ ፊቱ ላይ ደፋበት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የሱ ግን ለቅሞም አልተሟላለትም። ሶዳውን አሉሚኒየም ድስት ውስጥ ጨመረ፤ ቀጥሎ ውሃ አፈሰሰበት። ሁለቱንም ሳሙና የሚሠራ እጅ አያደርገውም።»

«እንግዲያው ማንም ሊያደርገው ይችላል» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«አይችልም። ሁለቱም ስሕተቶች በአንድ ወረቀት ላይ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፈዋል። ገዳዩ ሳሙና የተማረው ከዚያ ወረቀት ነው። ሳሙና ሠሪዋ እጅ ያለው ትናንት ታርሟል። ያልታረመው በፖስታ ከመካከላችሁ ለአንዱ ደርሷል። ጋሼ፣ እንዲነበብ የተባለው ዛሬ ነው፤ ቀኑም ሰዓቱም ደርሷል። የማን ደረሰዎት?»

ሽማግሌው የሟችን እህት አየ። ይናገር ብላ ራሷን ነቀነቀችለት። «የዳቦ ቤቱ» አለ። «ሁሉም ነገር እርሾ ነው፤ ግማሹ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።»

«ስለዚህ የአናጢው ዕቅድና የሳሙናው ዕቅድ ቀሩ፤ ሁለታችሁም የአናጢው ደረሰን ትላላችሁ። አንዳችሁ ዋሽታችኋል። ወንድሜ፣ አናጢው ምን ሠርቶ ሊሸጥ አቅዷል?»

ዳቦ ጋጋሪው ከንፈሩን ላሰ። «የአናጢ ዕቃ ነዋ... አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ወንበር...»

አናጢው በግርምት አፉን ከፈተ። «አልጋ? እኔ?»

«ቀፎ ነው» አለች ሳሙና ሠሪዋ ባበጠ ከንፈሯ። «የንብ ቀፎ ብቻ። ‹አልጋ ሠሪ ሞልቷል፤ ንብ ግን ቤት አጥታለች› ይላል፣ መጀመሪያው ገጽ ላይ።»

መርፌ ወደ ዳቦ ጋጋሪው ዞረች።

«ክንድህን ታጠብ» አለች መርፌ፣ ሳፋውን እየገፋችለት።

«የምድጃ ቃጠሎ ነው! ዳቦ ጋጋሪ አይደለሁም እንዴ?»

«የምድጃ ቃጠሎ የመጋገሪያውን ጠርዝ ተከትሎ መስመር ይሠራል። ሶዳ ሲፈነዳ ነጠብጣብ ነው የሚተወው። የነጠብጣቡ ቁስል ደግሞ እያዠ ዱቄትህን ከሥር አርጥቦ ሊጥ አደረገው። ታጠብ።»

ዳቦ ጋጋሪው ሳፋውን አንስቶ ፊቷ ላይ ወረወረባት። መርፌ ውሃውን ከዓይኗ ሳትጠርግ እሱ የአናጢውን መሮ ከተሰቀለበት ግድግዳ መንጭቆ የሟችን እህት አነቀና ስለቱን አንገቷ ላይ ደገነ። ሃምሳ አለቃው ስለቱን በባዶ እጁ ቢይዘው መዳፉ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ደሙ የሴትዮዋን አንገት አለበሰው። ያኔ ሽማግሌው አንድ ወፍራም ሳንቃ አንስቶ ዳቦ ጋጋሪውን የእጁ አንጓ ላይ መታው። አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰሙት። መሮው ወደቀ፤ ሰውየውም በጉልበቱ ተንበረከከ።

«ዱቄቴን አየብኝ!» እያለ ጮኸ። «ሳይነግረኝ መጣና መጋዘኔን ከፈተ። ነቀዝ የበላውን በአዲስ ከረጢት ስገለብጥ ደረሰብኝ። ‹ሕፃናት ናቸው የሚበሉት፣ ነገ ለጤና ቢሮ እናገራለሁ› አለኝ። ጠዋት መጥቼ እግሩን ሳምኩት! እንደ ተማሪ ‹ተነስና ስሕተትህን ጻፍ› አለኝ። ስሕተትህን ጻፍ!»

«ብትጽፍ ይሻልህ ነበር» አለች መርፌ። ውሃው ከአገጯ ይንጠባጠባል።

ወሬው ከመስኮቱ ወደ ደጁ ለመድረስ ደቂቃ አልፈጀበትም። መርፌ ስትወጣ ያው ሰው፣ ያው ድንጋይ ነበር፤ ፊቱን ግን ወደ ሌላ ሰፈር አዙሯል።

«ወደ ዳቦ ጋጋሪው ቤት! አቃጥሉት!»

መርፌ ሽጉጧን አወጣች፤ የሚሰማት ግን አልነበረም። ያን ጊዜ ሳሙና ሠሪዋ በጎኗ አልፋ፣ አንድ እግሯን እየጎተተች ወደ ግቢው በር ሄደች። ሰዉ የሚወጣበት መንገድ በዚያ ብቻ ነው። እጆቿን ዘርግታ በሩ መካከል ቆመች።

«የሱም ልጆች እቤት ናቸው» አለች።

«ልቀቂ! አንቺንስ ሊያስበላሽ አልነበረም?» ብሎ አንዱ ገፈተራት። ወደቀች፤ ተነሥታም እዚያው ቆመች።

«የበላችሁኝ እናንተ ናችሁ። ጥርሴ እዚያ ወድቋል። መጀመሪያ አንሡና መልሱልኝ፤ ከዚያ ትሄዳላችሁ።»

የሟች እህት ከኋላ መጣች። አንገቷ ደም ለብሷል፤ በእጇ ትልቅ ድንጋይ አለ። ሰዉ መንገድ ከፈተላት። እዚህ ካሉት ሁሉ በላይ ለመወርወር የተፈቀደላት እሷ ነበረች። ሳሙና ሠሪዋ ፊት ስትቆም ተያዩ። ከዚያ ድንጋዩ ከእጇ ወደቀ፤ ዞራም በሩ ላይ ከጎኗ ቆመች።

«ሃምሳ አለቃ» አለች መርፌ በዝግታ፤ «በጓሮ ውጣና የዳቦ ጋጋሪውን ልጆች ወደ ጣቢያ አምጣቸው። ፈጠን በል።»

ሃምሳ አለቃው መዳፉን በጨርቅ ጠቅልሎ ሮጠ። ሁለቱ ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ቆመው ሕዝቡን ሲያዩ፣ ሕዝቡም እነሱን ሲያይ ቆየ። የሟች እህት ፊቷን ሳታዞር «ይቅር በዪኝ» አለች።

«ዛሬ አልችልም» አለች ሳሙና ሠሪዋ፣ ደም እየተፋች። «ዛሬ በሩን እንያዝ።»