ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል የተሰጠ ምንባብ

ዳግማዊት ፊልጶስን የወደደችው ሲያስተምር አይታ ነው። ሁለቱም ጎንደር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምራሉ። የመጽሐፉ ምንባብ ስለ ባቡርና ስለ በረዶ ሲያወራ ተማሪው ያንቀላፋል፤ ፊልጶስ ስለ ባጃጅ ሹፌርና ስለ አራዳ ገበያ የራሱን ጽፎ ሲያመጣ ግን እንቅልፋሙ ሁሉ እጁን ያወጣል። እሷም ጥያቄ በማውጣት ታግዘው ጀመር። እንዲህ እንዲህ እያሉ ተዋደዱ።

አንድ ቀን ከሥራ ሲመለሱ ጎንደር ውስጥ ከአክስቷ በቀር ማንም የማያውቀውን ነገረችው። በልጅነቷ፣ በተወለደችበት በመካነ ብርሃን ከተማ፣ ወላጆቿ ሊድሯት ሲሰናዱ ጠፍታ ጎንደር አክስቷ ዘንድ ገባች። ድግሱ ተደግሶ፣ ቃሉ ተሰጥቶ ስለነበር አባቷ ታናሿን ማሬን በምትኳ ዳሯት። ከዚያ ወዲህ እህትማማቾቹ ተነጋግረው አያውቁም።

ፊልጶስ ሰምቷት ሲያበቃ እጇን ያዘ። «ልጅ ነበርሽ እኮ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አላት።

ይህን ቃል ስንት ዘመን ስትጠብቀው ኖራለች። ሽማግሌ እንዲልክ ፈቀደችለት፤ ለእሑድ ተቀጠረ።

ዓርብ ዕለት ፊልጶስ ስብሰባ ስለነበረበት ክፍሉን እሷ ሸፈነችለት። የተባዛውን ምንባብ አድላ ማንበብ ስትጀምር ታሪኩን አወቀችው። የልጅቷ ስም ተቀይሯል። ሌላው ሁሉ የራሷ ነው፤ ጨለማው፣ የተሳፈረችበት የእህል መኪና፣ በምትኳ የተዳረችው እህት።

የመጨረሻው ጥያቄ፣ ልጅቷ ራስ ወዳድ ናት፣ እውነት ወይስ ሐሰት፣ ይላል። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ሲንጫጫ አንዲት ተማሪ ተነሣች።

«ቲቸር፣ መልሱ እውነት ነው። ቲቸር ፊልጶስ ለሌላው ክፍል ነግሯቸዋል።»

ዳግማዊት ዞራ ሰሌዳውን ማጥፋት ያዘች። ሰሌዳው ላይ ምንም አልተጻፈም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀችው። አልካደም። ተማሪዎቹ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲያገኙ ነው የሚያነቡት፣ ስሙንም ቀይሬዋለሁ አለ።

«መልሱንስ?» አለችው። «ለእኔ የነገርኸኝ ሌላ ነበር። አንተ የቱን ታምናለህ?»

ፊልጶስ መሬት መሬቱን አየ። ዳግማዊት ጥላው ሄደች።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ቁጭ በሉ ቢባሉ እንደ ወጉ እምቢ አሉ፤ ቆመው ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። አክስቷ እታገኘሁ ፊቷ በርቶ ወደ ጓዳ ገባች።

«ምን ብዬ ልመልስላቸው? ሸጋ ልጅ ነው እኮ።»

ዳግማዊት አሁንም ትወደዋለች፤ የሚያንገበግባትም ይኸው ነበር።

«አይሆንም በያቸው፣ እቴቴ።»

«ምነው? ምን አጠፋ?»

«ማሬን አንድ ጊዜ ጥያት ሸሸሁ። አሁን ደግሞ የሷን መከራ ለሰው አወራሁ፤ እሱም ለክፍል ሙሉ ተማሪ አደለው። ለሱ መንገር አልነበረብኝም፤ ይቅርታም መጠየቅ የነበረብኝ እሷን ነው።»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ዳግማዊት አክስቷን የማሬን ስልክ ቁጥር ጠየቀቻት፤ ተቀብላም ደወለች።

«ማሬ፣ እኔ ነኝ» አለች።

ወዲያ ማዶ የልጆች ጫጫታ ተሰማ። ከዚያ የእህቷ ድምፅ መጣ።

«ማን ልበል?» አለች ማሬ።